ጂኦሎኬተር ምንድን ነው?

ጂኦሎኬተር ክብደቱ አንድ ግራም ገደማ የሆነና በወፍ እግር ላይ የሚታሰር የብርሃን መዝጋቢ ነው። በውስጡ ያሉት ብርሃን የሚለካ ሴንሰር፣ ሰዓት፣ ሜሞሪና ባትሪ ብቻ ናቸው። ስሙ ቦታ ጠቋሚ እንደ ማለት ቢሆንም፣ የስልካችን ጂፒኤስ እንደሚያደርገው ያለበትን ቦታ አያውቅም፤ የሚያውቀው መቼ እንደ ነጋና መቼ እንደ መሸ ነው። ቦታውን በስሌት የሚያወጣው ሰው ነው።

በንጋትና በምሽት መካከል ያለው እኩሌታ እኩለ ቀንን ይሰጣል። የመሣሪያው ሰዓት በግሪኒች አቆጣጠር ስለሚሞላ፣ እኩለ ቀኑ ከግሪኒች 4 ሰዓት ዘግይቶ ከተመዘገበ ወፏ በምዕራብ 60 ዲግሪ ኬንትሮስ አካባቢ ነበረች ማለት ነው። ኬክሮሱ ደግሞ ከቀኑ ርዝመት ይገኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ እምብዛም በማይረዝምበትና በማያጥርበት አገር የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም። ይሁንና ከመስቀል ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እንዲሁም መጋቢት 11 ቀን ገደማ፣ ቀኑ በመላው ዓለም ከሞላ ጎደል እኩል ርዝመት ስለሚኖረው ኬክሮሱ ይሰወራል፤ ብዙ ወፎች መንገድ ላይ የሚሆኑትም በእነዚሁ ሰሞናት ነው። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ስሌቱ መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል።

ትልቁ ድክመቱ ግን መረጃውን የማይልክ መሆኑ ነው። ወፏ በቀጣዩ ዓመት ተመልሳ በመረብ ካልተያዘች፣ የተመዘገበው ሁሉ ከእርሷ ጋር ይቀራል። መረጃ በሳተላይት የሚልኩ መሣሪያዎች ይህን ችግር ቢፈቱም፣ ክብደታቸው ለትናንሽ ወፎች ሸክም ነው።

ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ እስከ ካናዳ አርክቲክ የሚመላለሰውና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ህልውናው አስጊ ነው ብላ የመዘገበችው ሩፋ የተሰኘው ሬድ ኖት የሚባለው የባሕር ዳር ወፍ ዝርያ ጥሩ ማሳያ ነው። ወፉ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው በደላዌር ባሕረ ሰላጤ አርፎ ሆርስሹ ክራብ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት እንቁላል እየለቀመ ይወፍራል፤ ፍጥረቱ ለዓሣ ማጥመጃ ማባበያ ከልክ በላይ በመጠመዱ የወፉም ቁጥር አሽቆለቆለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያ ጂኦሎኬተር ከታሰረላቸው ወፎች መካከል በቀጣዩ ዓመት የተያዙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ ከደቡብ ብራዚል አካባቢ እስከ ሰሜን ካሮላይና ዳርቻ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በስድስት ቀናት ሳያርፍ እንደ በረረ መዝገቡ አሳየ። አንዳንድ መሣሪያዎች የጨው ውኃ ሲነካቸውም ስለሚመዘግቡ፣ ለቀናት ደረቅ ሆነው መቆየታቸው ወፉ ባሕር ዳር እንዳላረፈ ያመለክታል።

ወፉ አርክቲክ ሲደርስ በበጋው ወራት ፀሐይ ስለማትጠልቅ ስሌቱ ይቋረጣል። ነገር ግን በማያቋርጠው ብርሃን መካከል ለሰዓታት የሚዘልቅ ጨለማ አልፎ አልፎ ይመዘገባል፤ ይህም ወፉ እግሩን ከሆዱ ሥር አጥፎ እንቁላሎቹን የታቀፈበት ጊዜ ነው።