ብርሃን አይፈልግም ማለት ቀለብ አይፈልግም ማለት አይደለም፦ ስለ ጥላ ቦታ ኮራሎች የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ብርቱካናማ የነበረ የፀሐይ ኮራል ነው፣ ግማሹ ነጭ አጽም ሆኗል፣ የቀሩት ፖሊፖች (አፍ ያላቸው ትንንሽ አበባ መሳይ አካሎቹ) ተጨማደው ተጣብቀዋል። «ጥላ ውስጥ አድርጌው ነበር እኮ፣ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ያጠፋው የሸጠልህ ሰው ነው። «ብርሃን አይፈልግም፣ ድንጋይ ስር ወሽቀው፣ አያስቸግርህም» ብሎ ነው የሰጠው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ እና ቨርጂኒያ በየሰው ቤት እየዞርኩ የጨው ውሃ አኳሪየም ስንከባከብ 11 ዓመቴ ነው፣ ይቺን ንግግር ያልሰማሁበት ወር የለም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ከዛ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንን እልካለሁ።

«ጥላ ቦታ ላይ የሚሆነው ቡናማ ኮራል ብቻ ነው»

አይደለም። ይሄ የመጣው ብዙ ብርሃን ከሚወደው አክሮፖራ ከሚባል ኮራል ነው፣ አክሮፖራ ብርሃን ሲያንሰው ሥጋው ውስጥ ያሉትን አልጌዎች ያበዛል፣ አልጌው ደግሞ ቡናማ ስለሆነ ኮራሉም ቡናማ ይሆናል። ሰው አንድ አክሮፖራ ቡናማ ሲሆንበት አይቶ ለኮራል ሁሉ ፈረደበት። ቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ ኢላት ከ50 ሜትር በታች ጠልቀው ያዩ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2015 ያወጡት ጥናት አለ፣ እዛ ጥልቀት ላይ ከሰማያዊ ብርሃን ውጪ ብዙም የሚደርስ ነገር የለም፣ ኮራሎቹ ግን አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ሆነው ያበራሉ። ሌፕቶሴሪስ የሚባለው ኮራል ደግሞ ከ150 ሜትር በታች ሁሉ ተገኝቷል፣ እሱን ነው እኛ ታንክ ውስጥ ከመብራቱ አፍንጫ ስር ካላስቀመጥን የምንለው።

እንዲያውም ብዙዎቹ ቀለማቸውን የሚያጡት ብርሃን ሲበዛባቸው ነው። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለች አንዲት ደንበኛዬ ብላስቶሙሳ የሚባል ደም የመሰለ ቀይ ኮራል ገዝታ «ቀለሙ በደንብ እንዲወጣ» ብላ አናት ላይ አደረገችው፣ በሦስት ሳምንት ወረቀት መሰለ። ወደ ታች፣ ድንጋዩ ጥላ ወደሚያጠላበት ጥግ አወረድነውና በሦስት ወር ቀዩ ተመለሰ። ሌላ ምንም አላደረግንም።

«የፀሐይ ኮራል ብርሃን ስለማይፈልግ ለጀማሪ ቀላል ነው»

የኔ ዋና ጭቅጭቅ ይሄ ነው። ቤት ውስጥ የምናሳድገው አብዛኛው ኮራል ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ ተሸክሞ ነው የሚኖረው፣ ዞዛንቴሌ ይባላሉ፣ እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ ኮራሉ ከነሱ ይበላል፣ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከአልጌው የሚያገኝ ኮራል አለ። መብራት ስታበሩለት እያበላችሁት ነው ማለት ነው። የፀሐይ ኮራል፣ በሳይንስ ስሙ ቱባስትሪያ፣ እነዚህ አልጌዎች የሉትም። ብርሃን አይፈልግም የሚባለው ለዛ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ትርጉሙ ይሄ እንስሳ የራሱ ወጥ ቤት የለውም ማለት ነው፣ የሚበላውን በሙሉ የምታመጡለት እናንተ ናችሁ። ታዲያ ይሄ እንዴት ነው ቀላል የሚሆነው? በዚህ ሥራ ላይ ከማውቃቸው ኮራሎች ውስጥ ጊዜ ከሚበሉት አንዱ ነው።

ደግሞ አንድ ኮራል ይምሰል እንጂ እያንዳንዱ ፖሊፕ የራሱ አፍ አለው፣ አንዱ የበላው ለሌላው በቅጡ አይደርስም። 30 ፖሊፕ ካለው 30 አፍ ነው የምታበሉት። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ የቀዘቀዘ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን እንስሳት) ወይም ትንንሽ ሽሪምፕ አቅልጣችሁ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ በረጅም ስሪንጅ እያንዳንዱ አፍ ላይ ቀስ ብላችሁ። ቀን ቀን ተዘግቶ ነው የሚውለው፣ የሚከፈተው ሲመሽ ነው፣ ስለዚህ ዓሦቹን ጠዋት ስታበሉ «ለሱም ይደርሰዋል» ብላችሁ ከሆነ አልደረሰውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ከሌላ ሰው የተረከብኩት ታንክ ነው። ጥግ ላይ ካለ ዋሻ ውስጥ የጡጫ ያህል የፀሐይ ኮራል አለ። «ጋሼ፣ ይሄን ምን ያበሉታል?» ብላቸው «አይ ልጄ፣ ይሄ እኮ ምንም አይፈልግም፣ አራት ወር ሆነው፣ እንዳለ ነው» አሉኝ። እንዳለ አልነበረም። በባትሪ አብርቼ አሳየኋቸው፣ በፖሊፖቹ መሃል ያለው ሥጋ ሳስቶ ነጩ አጽም ይታያል፣ ጀርባው በኩል ደግሞ አልጌ ይዞታል። ሰዉን የሚያሳስተው ይሄ ነገር ነው፣ የፀሐይ ኮራል ሲራብ ቶሎ አይሞትም፣ ወራት ይፈጅበታል፣ ቀለሙም እስከ መጨረሻው ብርቱካናማ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ ጤነኛ ነው ብሎ ያስባል፣ ሻጩም «እኔ ጋ ደህና ነበር» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ እሱ ጋ የቆየው ሁለት ሳምንት ነው።

ያን ቀን ማታ ተመልሼ ሄድኩ። መብራት አጥፍተን ትንሽ የማይሲስ ውሃ ጠብ አደረግንበት፣ ሽታው ሲደርሰው ከስንት ፖሊፕ አምስቱ ብቻ ተከፈቱ። አምስቱን አበላን። በነጋታው ጋሼ ራሳቸው ደገሙት፣ ከዛ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ አደረጉት፣ ኮራሉ ሰዓቱን ለመደና ቀን ብርሃን ላይ ሁሉ መከፈት ጀመረ። በስድስት ወሩ ከሥሩ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ አዳዲስ ፖሊፖች አወጣ። ስልክ ደውለው ነው የነገሩኝ፣ ደስታቸው ድምፃቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን ልብ በሉ፣ እሳቸው ጊዜ አላቸው። በቀን ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ ሰዎች እባካችሁ ይሄን ኮራል ተዉት። ይህን ያህል ምግብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ናይትሬት እና ፎስፌት ይወጣል፣ 20 ጋሎን ታንክ ላይ በየሳምንቱ ውሃ ካልቀየራችሁ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

አንድ ልጨምር፣ «ብርሃን ካገኘው ይሞታል» የሚሉም አሉ። ብርሃኑ አይገድለውም፣ ጥላ ውስጥ የምናደርገው ብርሃን ላይ ሲሆን አልጌ ቶሎ ስለሚወርሰው ነው። ስታበሉ እጃችሁ የማይደርስበት ዋሻ ውስጥ ከምትቀብሩት ብርሃን ያለበት ግን ስሪንጁ የሚደርስበት ቦታ ይሻለዋል።

«ሮዝና ቀይ ለስላሳ ኮራሎቹም ጥላ ላይ ይሆናሉ»

ዴንድሮኔፍቲያን ማለታቸው ነው፣ ያቺን ሮዝ እና ሐምራዊ ዛፍ የምትመስለውን። እህቴ እስራኤል ነው የምትኖረው፣ እሷን ልጠይቅ ሄጄ ኢላት ወረድንና በመነጽር ስዋኝ ከምሰሶ ጥላ ስር አየኋት፣ እውነት ለመናገር ውሃው ውስጥ እንባዬ ነው የመጣው፣ ያን የመሰለ ቀለም ታንክ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ግን ምን ላይ ነው ያለችው? ቀንም ሌሊትም ውሃ የሚሮጥበት ቦታ ላይ። በፈረንጆቹ 1995 ቀይ ባሕር ላይ የተሠራ ጥናት ይቺ ኮራል በዋናነት የምትበላው ፋይቶፕላንክተን፣ በዓይን የማይታይ ተንሳፋፊ እጽዋት መሆኑን አሳይቷል። ያን ሁሉ ምግብ ሳይቋረጥ እያፈሰሱ ውሃውን ንጹህ አድርጎ መያዝ ቤት ውስጥ የሚቻል ነገር አይደለም ማለት ይቻላል። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀብሬአለሁ፣ አራተኛ አልገዛም፣ ደንበኛም እንዲገዛ አልፈቅድም። ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ጎርጎኒያን (ማራገቢያ ወይም ቁጥቋጦ የሚመስል ኮራል) ሲያሳዩዋችሁም እንደዛው፣ አብዛኞቹ አልጌ የሌላቸው ናቸው። ሐምራዊና ቡናማ ከሆኑት የካሪቢያን ጎርጎኒያኖች ብዙዎቹ አልጌ አላቸው፣ እነሱ ግን ጥላ አይወዱም።

«ጨለማ መሆኑን በዓይኔ አያለሁ፣ መለኪያ ምን ያደርግልኛል»

ዓይናችሁ ይዋሻችኋል። የሰው ዓይን አረንጓዴ ላይ ነው ጎበዝ፣ ሰማያዊ ላይ ደካማ ነው። የዛሬ ኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ አብዛኛው ጉልበታቸው ሰማያዊ ላይ ነው፣ ስለዚህ ለናንተ ደብዘዝ ያለ የሚመስለው ቦታ ለኮራሉ ቀትር ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ፣ ነጭ መብራት ፈክቶላችሁ ከድንጋዩ ስር ግን ምንም የማይደርስ። የሚለካው ፓር በሚባል ቁጥር ነው፣ አልጌው ምግብ ሊሠራበት የሚችለው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። አክሮፖራ 200 እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ መሽሩም (እንጉዳይ የሚመስለው ኮራል)፣ ብላስቶሙሳ እና አካን የሚባሉት ግን ከ40 እስከ 100 ባለው ውስጥ በደንብ ይኖራሉ። መለኪያው ውድ ነው፣ አትግዙት፣ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ አንድ ቅዳሜ ተከራይታችሁ የታንካችሁን ጥግ ሁሉ እየለካችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ደንበኛዬ ጋ «ጥላው» ያለኝ ቦታ 140 አነበበ፣ እዛ ነው ሦስት መሽሩም አቃጥሎ «መሽሩም እኔ ጋ አይበረክትም» ሲለኝ የነበረው።

መለኪያ እስክታገኙ ኮራሉን ራሱን እዩት። መሽሩም ወደ ላይ ተስቦ እንደ ጽዋ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፣ ተሸብሽቦ ድንጋዩ ላይ ከተለጠፈ በዝቶበታል።

«ጥላ የሚወድ ኮራል የረጋ ውሃ ይወዳል»

የረጋ ውሃ የሚወድ የለም። ዋሻ ስር ቆሻሻ ይከማቻል፣ ቆሻሻው ሥጋው ላይ ሲያርፍ ይበሰብሳል። ቀስ ያለ፣ ግን የማይቆም እንቅስቃሴ ይኑረው።

«ሱቅ ውስጥ እንዳየሁት ቤቴም ያበራል»

ሱቁ ሰማያዊ መብራት ብቻ አብርቶ ነው ያሳያችሁ፣ ፎቶውም በብርቱካናማ ፊልተር የተነሳ ነው። «እባክህ ነጩን አብራልኝ» በሉ፣ ከዛ ግዙ። ኒዮን ቢጫ የሆነ ለስላሳ ኮራል ካያችሁ ደግሞ ቀለም ተነክሮ ሊሆን ስለሚችል እለፉት።

«ዞዋ ምንም አያደርግም፣ በባዶ እጅ ቆርጦ መለጠፍ ነው»

ይሄን የምጽፈው ልጆች ያሉበት ቤት ስለምገባ ነው። ዞዋ (ተጠጋግቶ የሚበቅል ትንንሽ ቁልፍ የሚመስል የኮራል ዘመድ) እና በተለይ የቅርብ ዘመዱ ፓሊቶዋ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፣ በፈረንጆቹ 1971 ሃዋይ ላይ ካለ ፓሊቶዋ ተለይቶ የወጣ፣ ከምናውቃቸው የተፈጥሮ መርዞች ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ስትቆርጡ ጓንት እና የዓይን መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ተዉት። እነሱ የበቀሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በሙቅ ውሃም አትፈትጉ፣ እንፋሎቱን የሳቡ ቤተሰቦች በሙሉ ሆስፒታል የገቡበት ጊዜ አለ።

እሺ፣ ታዲያ ለጥላዬ ምን ልግዛ ለምትሉኝ። የመጀመሪያ ኮራላችሁ ከሆነ ዲስኮሶማ የሚባለው መሽሩም፣ ቀዩን ወይም ሰማያዊውን፣ ግን ብቻውን በቆመ ድንጋይ ላይ፣ አለዚያ ዋናውን ድንጋይ ይወርሰዋል። ትንሽ ከለመዳችሁ በኋላ ቀይና አረንጓዴ ብላስቶሙሳ እና አካን፣ ማታ ማታ አልፎ አልፎ ትንሽ ማይሲስ ብትሰጡት አካን ምን ያህል እንደሚወፍር ታያላችሁ። ሌፕቶሴሪስ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለዘመመ ድንጋይ ግሩም ነው። ቻሊስም ያምራል፣ ግን ሌሊት ረጃጅም መንደፊያ ክሮች ይዘረጋል፣ ከጎረቤቱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት። ከ20 ፓር በታች ያነበበ ጥግ ላይ እኔ ምንም ኮራል አላስቀምጥም፣ ዓሦቹ ሲመሽ የሚገቡበት ቦታ ይፈልጋሉ፣ ለነሱ እተወዋለሁ።