የጎንደር ቆላ፦ እርሻውና የተፈጥሮ ሀብቱ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከእሷ ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ ግን ከ800 ሜትር በታች ያወርዳል። በግማሽ ቀን ጉዞ ደጋው አልቆ ቆላ ይገባል። ጤፍና ገብሱ ቀርቶ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይተካል።

ይህ ቆላ በዋናነት መተማን፣ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሆን ይይዛል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ በምዕራብ ጎንደር ዞን ሥር ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ነው። ወልቃይትና ሁመራም በአፈር፣ በአየርና በሰሊጥ ከዚሁ ቆላ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የአስተዳደራቸው ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ዝናቡ በዓመት አንዴ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፈሩ በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ይጨቀያል፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ወንዞቹ ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ የሽንፋ ውሃም ራሃድ በሚባለው ወንዝ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል።

ሰው በዚህ ቆላ መኖር የጀመረው እጅግ ጥንት ነው። በሽንፋ ወንዝ አቅራቢያ የተገኘ የቁፋሮ ቦታ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎችን አሻራ አሳይቷል። ጊዜው በሱማትራ ደሴት የሚገኘው የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነበር። አመዱ ጥቃቅን የብርጭቆ ብናኝ ሆኖ እዚህ ድረስ ደርሷል። ተመራማሪዎቹ በ2016 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ አየሩ ሲደርቅ ሰዎቹ ወንዙ እየጎደለ በሚተወው ኩሬ ውስጥ ዓሣ ማጥመድን አበዙ። ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ምናልባት የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለሰው ልጅ ታሪክ ይህን ያህል የሚናገር ቦታ ጎንደር ውስጥ መኖሩ ሊታወቅ ይገባል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን መተማ በዛሬዋ ሱዳን ከነበረው ከስናር መንግሥት ጋር የሚነገድበት በር ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁትም እዚሁ ነው። ቋራ ደግሞ የካሣ፣ የኋላው የአፄ ቴዎድሮስ አገር ነው።

ሰፋፊ የትራክተር እርሻ በሁመራና በአካባቢው የተስፋፋው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በመተማ በኩል ለረጅም ጊዜ ጥጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። በኋላ ሰሊጥ ገንዘብ ሲያመጣ ገበሬውም ባለሀብቱም ወደዚያ ዞረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ብዙ የደጋ ቤተሰብ መተማና ቋራ ገብቷል።

ዛሬ የቆላው ጌታ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ምርቶች አንዱ ሲሆን የዚህ አካባቢው በነጭነቱ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም አንዱን የሰሊጥ ደረጃ ‹‹የሁመራ ጎንደር›› ብሎ ለብቻው ይገበያየዋል። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች አንዱ ጎንደር-1 ይባላል።

ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ሰሊጥ የሚዘራው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ውሃ የቆመበት ዋልካ ላይ ከተዘራ ይበሰብሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ መታረም አለበት፤ አረሙ አንዴ ከቀደመው ማሳው አበቃለት። ዋናው ፈተና አጨዳው ነው። መስከረም ሲያልቅ ቅጠሉ ይቢጫል። የታችኞቹ ፍሬዎች መሰንጠቅ ሳይጀምሩ መታጨድ አለበት። ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው እየታሰረ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል፤ ይህ ክምር ሂላ ይባላል። ሁለት ሳምንት ገደማ ከደረቀ በኋላ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ሂላው በቆመበት ጊዜ የሚገባው የሰሊጥ ትኋን ፍሬውን መጥጦ ዘይቱንና ክብደቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሂላን ሜዳ ላይ ማቆየት ኪሳራ ነው።

አጨዳው በአጭር ቀን ማለቅ ስላለበት ቆላው ያለ ደጋ ጉልበት አይንቀሳቀስም። ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከወሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ በቆላው ከእርሻ እርሻ እየዞረ የሚሠራው ሳሉግ ይባላል። ሞፈር ዘመት ደግሞ ሌላ ነው፤ ቤቱ ደጋ ሆኖ ለክረምቱ ቆላ ወርዶ የሚያርስ ገበሬ ነው። የእነዚህ ሰዎች ድካም በሰሊጥ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም። ውጭ ያድራሉ፣ ውሃቸው ንጹሕ አይደለም፣ ወባ ይይዛቸዋል።

ከሁሉ የከፋው ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። ጉበትና ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. ደጋ በሆነው በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ሲገኝ ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አይቀርም ተብሏል። እዚህ ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሥራ የሚያኮራ ነው። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከሉ ለብዙ ሠራተኛ ነፍስ ደርሷል። በብዛት የሚሰጠው ሕክምና የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ሲሆን 17 ቀን ይወስዳል።

ማሽላ የቆላው እንጀራ ነው። ከሰሊጥ ጋር እያፈራረቁ መዝራት አፈሩን ያሳርፋል፤ ሰሊጥ ላይ ሰሊጥ ማሳውን ያደክማል። ማሽላን አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ያስቸግረዋል። ማሾና አኩሪ አተርም እየተለመዱ ነው።

ሰሊጡ ሲሰፋ የተጎዳው ጫካው ነው፤ ከሁሉ በላይ የእጣን ዛፍ። ዛፉ ድንጋያማና ተዳፋት መሬት ላይ ይበቅላል፣ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግንዱ መንጋፍ በሚባል መፋቂያ መሣሪያ ትንሽ ይፋቃል። የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀምና ቁስሉ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እየሰፋ እስከ ግንቦት ይቀጥላል። አንድ ዛፍ ላይ ብዙ ቦታ መፋቅ፣ ሳያሳርፉ በየዓመቱ መመላለስ ዛፉን ያዳክመዋል። በመተማ የተደረገና በ2004 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ሁኔታው ካልተለወጠ የእጣን ምርት በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ አስጠንቅቋል። ትልልቆቹ ዛፎች በጥንዚዛ እየተቦረቦሩ ይወድቃሉ፤ ችግኙን እሳትና ከብት አያሳድጉትም። ቤተ ክርስቲያኑም፣ የቡና ሥርዓቱም፣ የውጭ ገበያውም የሚጠብቀው እጣን ነው። ለሰሊጥ ተብሎ የእጣን ጫካ መመንጠር በግልጽ መቆም አለበት።

ከብት እርባታው ሰፊ ነው። ክረምት ላይ ከጭልጋና ከአለፋ በኩል ደገኛው ከብቱን ለግጦሽ ወደ ቆላ ያወርዳል። ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ግን በአንዳንድ ወንዞች ዳር ያስቸግራል።

ድንበሩ ሌላው ጉዳይ ነው። በአብደራፊ በኩል የጎንደር ገበሬ ለረጅም ዓመታት ሲያርሰው የኖረውን መሬት ሱዳን አልፋሽጋ ብላ የኔ ነው ትላለች። የምትጠቅሰው ኢትዮጵያና እንግሊዝ በ1894 ዓ.ም. የተፈራረሙትን የድንበር ውልና በማግሥቱ ዓመት እንግሊዛዊው ጉዊን የተከለውን ምልክት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ምልክቱ ሲተከል የኢትዮጵያ ተወካይ አልነበረም ይባላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት የሱዳን ጦር ሲገባ ብዙ ሰው የደረሰ ሰብሉን ጥሎ ወጥቷል። ይህ ግፍ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሳው የሱዳን ጦርነት ደግሞ የመተማን ንግድ አናግቶ ብዙ ስደተኛ አምጥቷል።

በቋራ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ ሲሆን ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ቅርክራ፣ አባሎና ግራር የሚባሉ ዛፎች ይበዙበታል። በምዕራብ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይገናኛል። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች አንበሳ በካሜራ ቀርጸው መኖሩን ለዓለም አረጋግጠዋል፤ የአገሬው ሰው ግን ሲናገረው የኖረ ነው። ፓርኩን የሚያሰጉት የበጋ እሳት፣ ድንበር ተሻግሮ የሚገባ የከብት መንጋና ሕገ ወጥ አደን ናቸው።