ትራንስኮዲንግ ምንድን ነው? የዲ.ኤስ.ኤል.አር ቪዲዮ ቅንብር ላይ ለምን ይንቀራፈፋል?

በዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮ ተከፍቶ ሲታይ እንከን የለውም። ፕሪሚየር ወይም ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባሉት የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ገብቶ መቆረጥ ሲጀምር ግን ይንቀራፈፋል፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ እየተንገዳገደ ይከተለዋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ‹‹ኮምፒውተሬ አልቻለም›› ብሎ ይደመድማል፤ አዲስ ለመግዛት የሚበደርም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣጣው ያለው ቪዲዮው በታመቀበት ስልት ላይ ነው፤ መፍትሔውም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ መፍትሔ ትራንስኮዲንግ ይባላል፤ በቅንብር ቤቶች ‹‹ኮንቨርት ማድረግ›› የሚሉት ነው። ቪዲዮው ካሜራው ከጻፈበት ኮዴክ ወጥቶ ለቅንብር ወደተዘጋጀ ሌላ ኮዴክ ይገለበጣል። ኮዴክ ማለት ምስልን አምቆ የማስቀመጫና መልሶ የመዘርጊያ ስልት ነው።

ካሜራው ለምን ያምቃል? ሒሳቡን ማየት ይበቃል። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 25 ጊዜ ከነሙሉ ቀለሙ ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ ለአንዲት ሰከንድ ብቻ 155 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ይህን መጠን ያለውን ምስል በሰከንድ 5 ሜጋባይት ገደማ አድርጎ ካርድ ላይ ይጽፈው ነበር። ሠላሳ እጥፍ ያህል መጭመቅ ማለት ነው። ያን ያስቻለው ኤች.264 የተባለው ኮዴክ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የመጡ አብዛኞቹ ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎችም ይዘውት ቀጥለዋል።

ነገሩ ያለው አጨማመቁ ላይ ነው። ኤች.264 እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል፣ ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ይጽፍና ከእሱ በኋላ ለሚመጡት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። የዕቁብ መዝገብን ያስቡ፦ መጀመሪያው ገጽ ላይ የአባላቱ ሁሉ ስም ከነሒሳቡ ሰፍሯል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች የሚጻፈው በየሳምንቱ የተለወጠው ብቻ ነው። የአሥረኛውን ሳምንት ሒሳብ የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እስከዚያ መደመር አለበት።

ይህ ቅንብር ላይ ምን እንደሚያደርግ ቀረብ ብለን እንየው። ሙሉ ፍሬም በየ12 ፍሬሙ አንድ ጊዜ ይመጣል እንበል። አቀናባሪዋ ሙሽራዋ ቀለበት የምታጠልቅበትን ቅጽበት ለመቁረጥ አሥራ አንደኛው ፍሬም ላይ ቆመች። ኮምፒውተሩ ያን ፍሬም ለብቻው ሊያወጣው አይችልም፤ የመጀመሪያውን ይዘረጋል፣ ሁለተኛውን በእሱ ላይ ይሠራል፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ አንድ ይደርሳል። አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ብትመለስ ልፋቱ ሊደገም ይችላል። አንዳንድ ካሜራ ደግሞ ቀድሞ የመጣውን ብቻ ሳይሆን ገና የሚመጣውንም ፍሬም የሚጠቅሱ ፍሬሞች ያስገባል፤ እነሱን ለመዘርጋት ወደፊትም ማንበብ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ ሁሉ አይታወቅም። ቅንብር ግን መዝለል፣ መመለስ፣ መቁረጥ ነው። የሦስት ካሜራ ምስል ጎን ለጎን ሲከፈት ሥራው በሦስት ይባዛል፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ለቅንብር የተዘጋጁት ኮዴኮች እያንዳንዱን ፍሬም ራሱን አስችለው ያስቀምጣሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ እና የአቪድ ዲኤንኤክስኤችዲ በሰፊው የሚታወቁት ናቸው። አሥራ አንደኛው ፍሬም ሲጠየቅ አሥራ አንደኛው ብቻ ይዘረጋል፤ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ታይምላይኑም (ቅንጭቦቹ የሚደረደሩበት መስመር) ይቀላጠፋል።

ዋጋው የሚከፈለው በሃርድ ዲስክ ነው። ከካሜራው የወጣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 18 ጊጋባይት ገደማ ከሆነ፣ በፕሮሬስ 422፣ በመደበኛው የፕሮሬስ ደረጃ፣ ሲገለበጥ 55 ጊጋባይት ይሆናል። ፋይሉ ስለተለቀ ምስሉ ተሻሽሏል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ አልተሻሻለም። ካሜራው ሲጨምቅ የጣለውን ቀለም የትኛውም ግልበጣ አይመልሰውም፤ ቀረጻው ላይ ቀለሙ በደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ሰማይ ከግልበጣም በኋላ እንደተከፋፈለ ነው። የሚገኘው ትርፍ ፍጥነት ነው፤ በተጨማሪም ምስሉ በቅንብር መካከል ደጋግሞ ሲጻፍ የሚደርስበት ጉዳት ይቀንሳል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ሁሉንም በከፍተኛ ጥራት መገልበጥ ሳይሆን ፕሮክሲ መሥራት ነው። ፕሮክሲ ማለት ለመቁረጫ ብቻ የሚያገለግል አነስ ያለ ቅጂ ነው። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ አራት ሰዓት የቀረጸበት ሰርግ 12 ሰዓት ቪዲዮ አለው፤ በፕሮሬስ 422 ቢገለበጥ 660 ጊጋባይት ይሆናል። በ1280 በ720 መጠን በፕሮሬስ ፕሮክሲ ቢሠራ ግን 90 ጊጋባይት አይሞላም። ፕሪሚየርም ሆነ ሪዞልቭ ፕሮክሲውን ከዋናው ፋይል ጋር ያያይዙታል፤ ቅንብሩ በአነስተኛው ቅጂ ተሠርቶ ሲያልቅ የመጨረሻው ቪዲዮ የሚወጣው ከዋናው ፋይል ነው። ጥራት አይጎድልም፤ ዲስክም አይሞላም። የቀለም ሥራው ግን ፕሮክሲው ጠፍቶ በዋናው ምስል ላይ ይሁን፤ በትንሹ ቅጂ ያማረ ፊት በትልቁ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ግልበጣው ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ነገር 25 ሆኖ መቆየት አለበት፤ ወደ 30 ከተለወጠ እንቅስቃሴው ይርገበገባል። የፋይሉ ስምና የድምፅ ቻናሎቹ ብዛት ከዋናው ጋር ካልተስማሙ ሶፍትዌሩ ፕሮክሲውን አላውቅም ይላል። ኤም.ኦ.ቪን ወደ ኤም.ፒ.4 መለወጥ ብቻውን ደግሞ ትራንስኮዲንግ አይደለም፤ የተለወጠው መያዣው፣ ማለትም የፋይሉ ዓይነት፣ ነው፤ ውስጡ ያው ኤች.264 ነው። ከኢንተርኔት ያገኙትን መቀየሪያ ተጠቅመው ‹‹ምንም ለውጥ የለውም›› የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው። ሥራውን አዶቤ ሚዲያ ኢንኮደር፣ ሪዞልቭ ራሱ፣ ወይም በነጻ የሚገኘው ሻተር ኢንኮደር በሚገባ ይሠሩታል።

ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ኤች.264ን ለመዘርጋት የተለየ ክፍል ስላላቸው አንድ ካሜራ ብቻ ያለበት አጭር ሥራ ያለ ግልበጣ ያልቃል። በአንጻሩ ነጻውን ሪዞልቭ በሊኑክስ ላይ የሚጠቀም ሰው ምርጫ የለውም፤ ኤች.264 አይከፍትለትም። የኤች.264 ተተኪ በሆነው ኤች.265፣ ቀለምን በበለጠ ዝርዝር በሚይዘው ባለ 10 ቢት የሚቀርጹት አዳዲስ ካሜራዎችም ደህና የተባለውን ኮምፒውተር ሳይቀር ያስቸግራሉ። የሚሻለው ከሥራው በፊት አንድ ሁለት ቅንጭብ ታይምላይን ላይ አስቀምጦ ወደፊትና ወደ ኋላ መጎተት ነው፤ ምስሉ እጅን ከተከተለ መገልበጥ አያስፈልግም።

ቅንብሩ አልቆ ለደንበኛው ከተሰጠ በኋላ ፕሮክሲዎቹን ያለ ስጋት መሰረዝ ይቻላል፤ ካስፈለጉ በአንድ ሌሊት እንደገና ሊሠሩ ይችላሉ። ከካሜራው የወጡት ዋና ፋይሎች ግን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጡ።