በሩን የከፈተ ቁልፍ ሞተሩን ለምን አያስነሳም?

«ቁልፍ አስቀረጽኩ፣ በሩን ይከፍታል፣ መኪናው ግን አልነሳ አለ» የሚል ጥያቄ በዛ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ኢሞቢላይዘር ነው፤ ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል የስርቆት መከላከያ።

በቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። ቁልፉ ሲገባ፣ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ የቺፑን ኮድ ያነባል። መኪናው ኮዱን ካላወቀው ሞተሩን አያስነሳም። ቀራጩ ብረቱን ቢያመሳስልም ኮዱን አልመዘገበም ማለት ነው።

የሪሞት ባትሪ ሌላ ነገር ነው። እሱ ለበር ነው፤ ተሰክቶ የሚዞር ቁልፍ ቺፕ ባትሪ አይፈልግም። «ባትሪ ቀይር» ተብሎ ስንቱ በከንቱ ከፍሏል!

ኢሞቢላይዘር ያለው ቪትዝ ባንድ ቁልፍ ገዛችሁ እንበል። ያ ቁልፍ እያለ ሁለተኛ ማስመዝገብ ይቀላል። ከጠፋ ግን ሥራውም ወጪውም ይከብዳል።

እንደ መኪናው የሚለያይም አለ። ኮዱ ካልታወቀ፣ አንዱ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል) ጭራሽ አይዞርም፤ ሌላው ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። የምዝገባው መንገድም በሞዴልና በዓመት ይለያያል። በአውሮፓ ከ1998 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ለአዲስ መኪና ኢሞቢላይዘር ግዴታ ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ መኪና ላይ ጠብቁት።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሻጩ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ ያምጣ። በእያንዳንዱ ሞተሩን አስነሱ።