2 አንግስትሮም ከ3 ለምን ይሻላል?
ደብረ ማርቆስ የማስተምራቸው ልጆች ሁልጊዜ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው፤ አንግስትሮም እጅግ ትንሽ የርዝመት መለኪያ ነው (የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ)፤ በፕሮቲን ምስል ላይ ይህ ቁጥር ሲያንስ ምስሉ ይጠራል።

ለምሳሌ ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለው በሽታ አምጪ ፈንገስ ኪኔሲን የሚባሉ ሞተር ፕሮቲኖች አሉት፤ ኤቲፒን (የሕዋስን ጉልበት የሚሸከመውን ሞለኪውል) እየሰነጠቁ በሚያገኙት ጉልበት ይሠራሉ። ቅርጻቸውን ለማየት ፕሮቲኑ እንደ ጨው ቅንጣት በሥርዓት እንዲደረደር ይደረግና ኤክስሬይ ይለቀቅበታል። አንግስትሮሙ የሚነግረን ለያይተን ማየት የምንችለውን ትንሹን ርቀት ነው። ጮቄ ላይ ጉም ሲወርድ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጅብራዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሲገለጥ ይለያሉ። በ3 አንግስትሮም የፕሮቲኑ ሰንሰለት አካሄድ ይታያል፤ በ2 ግን በዙሪያው ያሉ የውኃ ሞለኪውሎች ጭምር ይለያሉ። ፈንገሱን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኤቲፒ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከሰው ኪኔሲን ጋር እጅግ ይመሳሰላልና።