«ትልቅ ነው፣ ይገባዋል» ለሚሉ ወላጆች

የሚጣሉ ወይም የተፋቱ ወላጆችን ሳማክር ጆሮዬን ያሰለቸኝ አንድ አባባል አለ። «እሱማ 15 ዓመቱ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ይገባዋል።» እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ሌሎች የምሰማቸውን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«በር ዘግተን ነው የምንጨቃጨቀው።» ይሰማሉ። ባይሰሙ እንኳ እራት ላይ ፊታችሁን ያነቡታል። ኩርፊያም ጠብ ነው።

«ፍቺ ልጅን ያበላሻል፣ አለቀ።» አላለቀም። ማቪስ ሄዘሪንግተን የተባሉት ተመራማሪ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ከተፋቱ ወላጆች ልጆች ከባድ ችግር የታየባቸው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ባልተፋቱት ዘንድ ወደ 10 በመቶ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ ግን አብዛኞቹ ደህና ናቸው።

«ለልጆቹ ስንል አብረን እንኑር።» እንደ ቤቱ ነው። ጠቡ በጦፈበት ቤት መለያየቱ ለልጁ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ሰላም በሚመስል ቤት ግን ዱብ ዕዳ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

አሁን ወደ «ይገባዋል»። አዎ፣ ይገባዋል። ችግሩም እሱ ነው። በ5 ዓመት ሕፃን መልእክት አትልኩም፤ የጓዳችሁንም ምስጢር አታጫውቱትም። 15 ሲሞላው ግን ዳኛም ፖስተኛም ታደርጉታላችሁ።

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ስልኳን አሳየችኝ። ከእናቷ የመጣው «ለዚያ ለማይረባ አባትሽ ንገሪው፣ የክፍያው ቀን አልፏል» ይላል። እሷ ለአባቷ የላከችው ደግሞ «አባዬ፣ ሲመችህ የትምህርት ቤቱን ነገር አትርሳ እሺ?» የሚል ነው። የአባቷንም መልስ እንዲሁ ስድቡን አጥባ ለእናቷ ታደርሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ!

እናትየው በኩራት «ልጄ ብቻ አይደለችም፣ ጓደኛዬም ናት» አሉኝ። «ጓደኛዎ አርብ አርብ ሆዷን ያማታል» አልኳቸው። አርብ ወደ አባቷ ቤት የምትሄድበት ቀን ነው። ትንሽ ጨክኛለሁ መሰለኝ።

ይህ የአንድ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። ቡካናን፣ ማኮቢ እና ዶርንቡሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ወላጆቻቸው የተፋቱ ከ10 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጆችን ጠይቀው ነበር። በሁለቱ መሐል ተይዣለሁ የሚል ስሜት ያላቸው ልጆች ድብርትና የጠባይ ችግር በዝቶባቸው ተገኘ። ስሜቱ የሚብሰውም ወላጆቹ ከተፋቱ በኋላም መጣላታቸውን ካላቆሙ ነው።

እናትየው ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ በማን ልንገረው?» አሉ።

«ቁጥራቸው ስልክዎ ላይ የለም?»