የኤውፍሮኒዮስ ክራተር

የኤውፍሮኒዮስ ክራተር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 ገደማ አቴና ውስጥ የተሠራ የወይን ጠጅ መበረዣ ነው። ክራተር አፈ ሰፊ፣ ጎድጓዳ የሸክላ ዕቃ ነው። የጥንት ግሪኮች ወይን ጠጅን ሳይበርዙ መጠጣት ያልሠለጠነ ሰው ሥራ ይመስላቸው ነበር። ግብዣ ሲኖር ክራተሩ እንግዶች መሃል ይቀመጣል። ወይን ጠጁና ውሃው እዚያ ይቀላቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው ውሃው ነው። ከዚያ እየተቀዳ ይታደላል። ይህኛው ቁመቱ 45.7፣ የአፉ ስፋት 55.1 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 45 ሊትር ያህል ይይዛል።

ዕቃውን ያበጀው ኤውክሲቴዎስ ነው፤ የሣለው ኤውፍሮኒዮስ። ሁለቱም ስማቸውን ጽፈውበታል። የብዙ ጥንታዊ ባለሙያ ስም ጠፍቶ በቀረበት ዓለም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሥዕሉ የትሮይ ጦርነት፣ ማለትም ግሪኮች በትሮይ ከተማ ላይ ያደረጉት የጥንት አፈ ታሪክ ጦርነት፣ ታሪክ ነው። የአማልክት አለቃ የዜውስ ልጅ ሳርፔዶን በግሪኩ ጦረኛ በፓትሮክሎስ እጅ ተገድሏል። ሂፕኖስና ታናቶስ፣ ማለትም እንቅልፍና ሞት፣ ክንፍ ያላቸው ወንድማማቾች ሆነው ሬሳውን ያነሡታል። የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ መሃል ቆሞ ያያል። የሳርፔዶን ገላ ከሁሉም ገዝፎ ተሥሏል። ከቁስሉ ደም ይወርዳል፣ ክንዱ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። እኔን የሚይዘኝ ይህ ክንድ ነው። ከ2500 ዓመት በኋላም ክብደቱ ይሰማል። በዕቃው ጀርባ ደግሞ ወጣቶች ለጦርነት ሲታጠቁ ይታያል። ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ዕቃውን ማዞር ብቻ ነው።

በዕቃው ላይ ያለው ጥቁር መልክ የመጣው ከቀለም አይደለም። በውሃ የቀጠነ በጣም ደቃቅ የሸክላ አፈር ነው። ሠዓሊው በእሱ ዙሪያውን ይሞላና ሰዎቹን በሸክላው ቀይ መልክ ይተዋቸዋል። ጡንቻውንና ሽፋሽፍቱን በቀጭን መስመር ያወጣል። ምሥጢሩ አተኳኮሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ምድጃው አየር ያገኛል። ቀጥሎ ይዘጋና በጭስ ይታፈናል፤ ያኔ ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ አየር ተመልሶ ሲገባ ሸክላው ይቀላል፣ የተቀባው ክፍል ግን እንደ ብርጭቆ ስለጠበቀ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ እሳት ነው። አንድ ስህተት ብዙ ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

ክራተሩ አቴና አልቀረም። በጣሊያን የነበሩት ኤትሩስካውያን የአቴናን ሸክላ አጥብቀው ይወዱ ነበር፤ ከሙታናቸውም ጋር ይቀብሩታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሌቦች ቼርቬተሪ ከተማ አጠገብ መቃብር ቆፍረው አወጡት። በ1972 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከአንድ የሊባኖስ ሰብሳቢ የመጣ ነው ተብሎ ነበር። በ1995 ግን ፖሊስ ጄኔቫ ውስጥ የአንድ ቅርስ ነጋዴ መጋዘን ፈትሾ ብዙ ፎቶግራፍና ሰነድ አገኘ፤ የዝርፊያው መረብም ይፋ ወጣ። ሙዚየሙ በ2006 ከጣሊያን ጋር ተስማማ። ክራተሩ በ2008 ተመለሰ።

ዕቃው ቢመለስም የተዘረፈው መቃብር ግን አይመለስም። ሌባ ሲቆፍር መዝገብ አይዝም። ክራተሩ በማን ራስጌ እንደነበረ፣ አጠገቡ ምን እንደተቀመጠ የሚነግረን አፈር ተበትኗል። ለእኔ ከ1 ሚሊዮን ዶላሩ የሚበልጠው ኪሳራ ይህ ነው። ክራተሩ ሮም በሚገኘው ቪላ ጁሊያ ሙዚየም ከቆየ በኋላ ወደ ቼርቬተሪ ሙዚየም ተዛውሯል። ተቆፍሮ የወጣበት ቦታ ከዚያ ሩቅ አይደለም።